ግንባሬ መሬት ላይ የቀረ ዕለት

እኔ ይስማው በሕይወቴ አንድ ጊዜ ቅዱስ ሆኜ አውቃለሁ። ብዙ አልቆየሁበትም፤ ለአንድ ረፋድ ብቻ ነው። በዚያች ረፋድ ግን ሰው ነጠላውን አልብሶኛል፤ ጀርባዬን ዳስሶ እጁን ስሟል፤ አንዲት መነኩሲትም «በጸሎትህ አስበኝ» ብለውኛል። ወደ ቅድስናው ያወጣኝ ወገቤ ነው። ከቅድስናው ያወረደኝም እሱው ነው። ወሬ ስነግር ትንሽ ጨመር እንደማደርግ አገር ያውቃል፤ የዚህኛው አጥንቱ ግን እንደነበረ ነው።

ከሉማሜ አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ መንደር የምኖር ገበሬ ነኝ። አሥረኛ ክፍል ደርሼ ወደ በሬዎቼ የተመለስሁ፣ ሃምሳን የተጠጋሁ ሰው። በሠርግ ቤት ያለ እኔ ጨዋታ የለም። ለቅሶ ቤት ስሄድ ግን ከኋላ ያስቀምጡኛል፤ አልቃሾቹን ያስቃል ተብሎ።

የወገቤ ነገር የጀመረው መኸር ላይ ነው። ስንዴ ወቅተን ጆንያውን አህያዋ ላይ ልጭን ጎንበስ ብዬ ብድግ ሳደርገው «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አህያዋ ናት ብዬ ዞር ብዬ አየኋት። እሷም ዞር ብላ አየችኝ። ያን ጊዜ ማን እንደተሰበረ ገባን።

ከዚያ ወዲያ ከዳሌዬ ተነሥቶ በጭኔ ኋላ እየወረደ፣ ባቴን አልፎ እስከ ትንሿ የእግር ጣቴ የሚነዝር ነገር ገባብኝ። ለመንደራችን ይገባል ይገባል ሲባል የኖረው መብራት መጀመሪያ የገባው እኔ እግር ውስጥ ነው። መቀመጥ አልችልም። ጫማዬን ማሰር አልችልም። ሲያስነጥሰኝ እስከ ዲማ የሚሰማ ጩኸት እጮሃለሁ። ወጌሻው በቅቤ አሹኝ፤ ለታሸሁበት ቀን ደኅና ሆኜ በማግስቱ ባሰብኝ። አንዱ ቁርጥማት ነው አለ፤ አንዱ ዓይን ነው አለ። የሚስቴ ወንድም አንለይ ግን ስለ በሽታው ስም አልተጨነቀም። እሱን ያስጨነቀው የዋርካው ሥር ማሳዬ ነው።

ይህን ማሳ ማወቅ አለባችሁ። ከአባቴ የደረሰኝ፣ ጤፉ ሲያፈራ ከመንገድ ላይ መኪና የሚያስቆም ጥቁር አፈር ነው። (መኪና ሲቆም አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ጎማው ፈንድቶ ነበር።) እኛ አገር እርፍ መጨበጥ ያቃተው ሰው መሬቱን ለሌላ በእኩል ይሰጣል፤ ያረሰው ግማሹን ይወስዳል። ነውር የለውም። ግን አንዴ ከሰጠህ በኋላ «ዘንድሮ እኔው ልረስ» ብትል ማን ይሰማሃል? ሰው ሁሉ ሽማግሌ አድርጎ መዝግቦሃል። ግንባርህ ላይ «ያበቃለት» ተብሎ ይጻፋል።

አንለይ በዐቢይ ጾም መግቢያ ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጣና ቆሜ ሳስተናግዳቸው፣ መቀመጥ ስለማልችል ማለት ነው፣ «አያ ይስማው፣ እኔ ለማሳው ብዬ አይደለም፤ ለአንተ ብዬ ነው። ዘንድሮ ዕረፍ» አለኝ።

«ማሳውም ይረፍ እንዴ?»

«ማሳውን እኔ እይዝልሃለሁ።»

«እኔንስ ማን ይይዘኛል?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ፈረዱብኝ። እስከ ትንሣኤ ድረስ ከዳንሁ ዳንሁ፤ ካልዳንሁ የዋርካው ሥር ማሳ በእኩል ለአንለይ ይሰጣል። ባለቤቴ የሻረግ ከጓዳ በር ላይ ቆማ አንዴ ወንድሟን አንዴ እኔን አየች። የሷ ዝምታ ከሽማግሌ ፍርድ ይከብዳል።

በዚሁ ሰሞን ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። የመረመረኝ ሰው እግሬን ቀና አድርጎ አነሣና ጩኸቴን ከሰማ በኋላ «በጀርባ አጥንትህ መካከል ያለው ዲስክ ነርቭ ተጭኖ ነው። ማርቆስ ሆስፒታል ሂድና ፊዚዮቴራፒ ጀምር፤ እንቅስቃሴ ያሠሩሃል» አለኝ። ከዚህ ሁሉ ንግግር ጭንቅላቴ አንዲት ቃል ብቻ መርጦ ይዞ ወጣ፤ እንቅስቃሴ።

ለእንቅስቃሴ ብዬ ማርቆስ ድረስ? እንቅስቃሴማ ደጃችን ላይ ነው! ሕማማት እየመጣ አይደለም? ከስግደት የበለጠ ምን እንቅስቃሴ አለ? ወገብ ይታጠፋል፤ ጉልበት ይታጠፋል፤ ግንባር መሬት ይነካል፤ ነፍስም ትጠቀማለች። በአንድ ጉዞ ሁለት ገበያ። ለየሻረግ ይህን ሳስረዳት እስክጨርስ ሰማችኝና «አንተ በደኅና ወገብህ ያልሰገድህ፣ ዛሬ ምን ነካህ?» አለችኝ። በጀ አላልሁም። እንዲያውም በዚያ ዓመት ከመንደሩ ሁሉ አብልጬ ልሰግድ ማልሁ። አንለይ እያየኝ!

ሰኞ ሰገድሁ። ባሰብኝ። ስፖርት ሲጀመር ያማል፣ ወጣቶቹ ሁሉ የሚሉት ነው ብዬ ማክሰኞ እጥፍ አድርጌ ሰገድሁ። ማክሰኞ ማታ ከባቴ በታች ያለው እግሬ የኔ መሆኑን ተጠራጠርሁ። ረቡዕ ጠዋት ግን በዱላ ተደግፌ ተመልሼ ሄድሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን ትንሽ ናት፤ በሕማማት አብዛኛው ሰው ግቢው ውስጥ፣ ወይራው ሥር ነው የሚሰግደው። አንለይ ከፊቴ ነው። ካህናቱ «ኪርያላይሶን» ሲሉ ሕዝቡ ይወድቃል፣ ይነሣል። እወድቃለሁ፤ እነሣለሁ። አንለይ ወደ ኋላ ሰረቅ አድርጎ ሲያየኝ ጥርሴን ነክሼ ፈገግ እላለሁ። እንዲህ እንዲህ ስንል ረፈደ። ከዚያ አንዴ ወደቅሁ።

አልተነሣሁም።

ግንባሬ መሬት ላይ ነው። ወገቤ ዘግቶ ቁልፉን ውጦታል። ሕዝቡ ተነሣ፤ እኔ እዚያው። ሕዝቡ ወደቀ፤ እኔ እዚያው። ደግመው ተነሡ። ጉንዳን በአፍንጫዬ ፊት እህል እየጎተተ አለፈ፤ ወገቡ ቀጭን፣ ሸክሙ ትልቅ። ቀናሁበት።

መጀመሪያ ያስተዋሉኝ እማሆይ ጥሩ ናቸው። ደግ መነኩሲት ናቸው፤ ከሁሉ ሰው ደግ ነገር ያስባሉ።

«እዩት፣ እዩት! ተመሥጧል!» አሉ በሹክሹክታ።

«ማን? ይስማው?» አለች ሌላ ሴት።

«እግዚአብሔር የወደደውን ይጠራል ልጄ።»

ነጠላ ተጣለብኝ። አንዱ መጥቶ ጀርባዬን ዳሰሰ፤ የዳሰሰው ትክክል የተቆለፈው ቦታ ላይ ስለነበር «ኦኦኦ» አልሁ። «ሰማችሁ? መልአክ እያነጋገረው ነው» አሉ እማሆይ። ከዚያ በኋላ የሚዳስሰኝ በዛ። እነሱ በዳሰሱ ቁጥር እኔ ከመልአኩ ጋር አወራለሁ።

ወሬው እስከ ሴቶቹ ወገን ደረሰ። የሻረግን ስሰማት አወቅኋት። «የኔ ይስማው? የኛ ቤቱ? አይሆንም» እያለች መጥታ አጠገቤ ተንበረከከችና ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየችኝ።

«ምን ሆነሃል?»

«ወገቤ።»

«ተነሣ እንጂ።»

«በምኔ?»

«ሰዉ እኮ ጻድቅ ሆነ እያለ ነው!»

«እንግዲያው ትንሽ ልቆይበት።»

ሳቋን ለማፈን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ግን ፊቷ ተለወጠ፤ እግሬን ነክታው ኖሮ እንዳልተሰማኝ አወቀች። ተነሥታ የንስሐ አባታችንን ቄስ አድማሱን ጠራቻቸው። ቅድስናዬ በዚሁ አበቃ። እማሆይ ነጠላቸውን ሲወስዱ ቅር ብሏቸው ነበር።

ቃሬዛ መጣ። በጀርባዬ ሊያስተኙኝ ሲሞክሩ በሰሞነ ሕማማት ሊሰማ የማይገባ ጩኸት ስለጮህሁ በደረቴ አስተኝተው፣ ልክ እንደ ጤፍ ነዶ፣ አስፋልት ድረስ ተሸከሙኝ። የፊተኛውን ወገን የያዘው ማን ይመስላችኋል? አንለይ! ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ልንገራችሁ። ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለኝ። እያላበው ይሸከመኛል፤ እየተሸከመኝም ስለ ማሳው ያወራል።

«አያ፣ እኔ ለማሳው ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ግን የመጀመሪያው እርሻ ሲዘገይ አረም ይበዛል።»

«አንለይ፣ ሸክምህን ቀና አድርገህ ያዝ።»

አንድ ነገር ግን አስተዋልሁ። በደረቴ ተኝቼ ስሄድ ትንሿ ጣቴ ላይ ያለው እሳት ቀዝቀዝ አለ። ባቴም ቀዝቀዝ አለ። ወገቤና ዳሌዬ ግን ይነድዳል። ሊሞት ያለ ሰው እንዲህ ሳይሆን አይቀርም፣ ከእግር ነው የሚጀምረው ብዬ አሰብሁ።

ሚኒባሱ ኋላ ወንበር ላይ አጋደሙኝ፤ የሻረግና አንለይም አብረውኝ ተሳፈሩ፤ ማርቆስ መናኸሪያ ደግሞ ባጃጅ። የባጃጁ ልጅ እግሬ በአንዱ በር፣ ጭንቅላቴ በሌላው በር ወጥቶ ሲያይ «አባባ፣ የሁለት ሰው ቦታ ነው የያዙት» አለኝ። የሻረግ «አንተ ጉድጓዱን እየሸሸህ ንዳ፤ እኔ በእግሬ እከተላለሁ» አለችው። በእግሯም ተከተለችን፤ አንለይም ከኋላዋ።

ሆስፒታል ሐኪም አየኝና ወደ አንድ ክፍል ላከኝ። ግድግዳው ላይ የሰው አከርካሪ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ በፕላስቲክ የተሠራ ሌላ አከርካሪ አለ። አጠገቡ የቆመችው የኔን ትልቋን ልጅ የምታህል፣ ማተቧን ከነጭ ካፖርቷ በላይ ያወጣች ልጅ ናት።

«ሲስተር፣ በናትሽ መርፌ ስጭኝ።»

«ሲስተር አይደለሁም። ሰላም እባላለሁ፤ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። መርፌ የለኝም።» ሁለት እጇን አሳየችኝ። «ያለኝ እነዚህ ናቸው። የቀረው ከእርስዎ ነው።»

በመጀመሪያ ብዙ ጠየቀችኝ። ሽንትዎን ይቆጣጠራሉ? መቀመጫዎ አካባቢ ደንዝዟል? እግርዎን ወደ ላይ ማንሣት ይችላሉ? «ሽንቴን እቆጣጠራለሁ፤ ከቤቴ ትእዛዝ የሚቀበለኝ እሱ ብቻ ነው» አልኋት። አልሳቀችም። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየገፋች «ይግፉኝ» አለችኝ፤ ገፋኋት። ያን ጊዜ ነው ትንሽ የተነፈሰችው።

«ምን ሲያደርጉ ይብስብዎታል?»

«ስቀመጥ። ሳጎነብስ።»

«ከጤና ጣቢያ ወዲህ ምን እንቅስቃሴ ሠሩ?»

ደረቴን ነፍቼ ነገርኋት። ሰኞ ይህን ያህል፣ ማክሰኞ እጥፉን። ብዕሯን አስቀመጠች።

«ስግደቱን ነው ስፖርት ያደረጉት?»

«ከሱ የሚበልጥ አለ?»

ያን የፕላስቲክ አከርካሪ አንሥታ ወደ ፊት ጎበጥ አደረገችው። «አዩ? በሁለት አጥንት መካከል ያለው እንደ ትራስ ነው። እርስዎ ባጎነበሱ ቁጥር ትራሱ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ነርቩን ይጫነዋል። ሲያቲክ ይባላል ነርቩ፤ ከዚህ ተነሥቶ እግር ድረስ ይወርዳል። የታመመ በሬ ላይ ቀኑን ሙሉ ቀንበር እንደመጫን ነው ያደረጉት።»

«እና እግዜር ነው ጥፋተኛው?»

«ኧረ ጋሼ!» አማተበች። «እኔም ሰጋጅ ነኝ። ስግደት ስግደት ነው፤ ሕክምና ነው ያለዎት ማን ነው?»

የሻረግ ከበሩ አጠገብ «እኔ ብዬው ነበር» አለች። እንዴ፣ አንድ ሰው ሲሸነፍ ከሁሉም በኩል ነው የሚሸነፈው?

ልጅቷ በሆዴ አስተኛችኝ። ቃሬዛው ላይ እንደተኛሁት ማለት ነው። ትንሽ አቆየችኝና በክርኔ አስደገፈችኝ። ቀጥላ እጆቼን ከደረቴ ግራና ቀኝ አስቀምጣ «ወገብዎን ልቅቅ ያድርጉት። ዳሌዎ አልጋው ላይ ይቅር፤ በእጅዎ ብቻ ደረትዎን ወደ ላይ ይግፉ» አለችኝ።

«እንደ ምን?»

«እንደ እባብ።»

«ልጄ፣ በሰሞነ ሕማማት እባብ ሁን ትይኛለሽ?»

አሁን ሳቀች። እኔም ገፋሁ። ወገቤ ላይ ቢላዋ ተሰካ። ወደቅሁ። «ይድገሙት» አለች። ደገምሁ። «ይድገሙት።» አንለይ በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ ለሱ ስል ደገምሁ። ለፈውሴ ብዬ ብቻ ቢሆን በሦስተኛው ላይ እተወው ነበር፤ እውነቱን ነው የምነግራችሁ።

«አሁን ሕመሙ የት ነው?»

ባቴ ላይ ፈለግሁት፤ የለም። ጉልበቴ ኋላ ፈለግሁት፤ የለም። ጭኔ ላይ፣ ዳሌዬ አጠገብ ተኮማትሮ ተቀምጧል።

«ወደ ላይ ሸሸ! ወገቤ ግን ባሰበት።»

«ይባስበት! ከእግር ወጥቶ ወደ ወገብ ሲሰበሰብ ደግ ምልክት ነው።»

አያችሁ፣ ከመኸር ጀምሮ ስለ ሕመሜ ደግ ቃል የተናገረ ሰው አልነበረም። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ፊቴ አልጋው ውስጥ ስለነበር ማንም አላየኝም፤ በሆድ መተኛት ይህም ጥቅም አለው።

አንለይ ዝም ብሎ መቆየት አልቻለም። «ዶክተር፣ እውነቱን ንገሪው። ዘንድሮ ያርሳል አያርስም?»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«የሚስቱ ወንድም።»

«እኔ ቃል አልገባም» አለች ሰላም። «ክረምት እስኪገባ ጊዜ አለ። ያሳየኋቸውን ከሠሩ፣ በየሳምንቱ ከመጡ፣ መጀመሪያ መራመድ፣ ቀጥሎ ቀላል ቀላሉን፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ እርሻ። እንደ ሰነፍ ከተኙ ግን አያርሱም። የኔ ሥራ እዚህ በር ላይ ያልቃል።»

የዚያን ዕለት ማርቆስ የሻረግ እኅት ቤት አደርን። ሐሙስ ተመልሼ ሄድሁ። ወገቤን ሳላጎብጥ፣ ከጉልበቴ ታጥፌ ከወንበር እንድነሣ አሠራችኝ፤ እግሬን ቀስ አድርጌ እያወዛወዝሁ ነርቩን እንዳለማምደው አሳየችኝ፤ መስገድን ግን ለጊዜው ከለከለችኝ። ዓርብ ጠዋት በሁለት እግሬ፣ እንደ ሰከረ ዶሮም ቢሆን በሁለት እግሬ፣ ወደ መንደሬ ተመለስሁ። ቤቴ አልገባሁም። በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን።

ስቅለት ነው። አገር ሁሉ ግቢው ውስጥ ነው። ሕዝቡ ይወድቃል፣ ይነሣል። እኔ ቆሜያለሁ። ረቡዕ ሲመሠጥ ያዩት ሰው ዛሬ ራሱን ብቻ ዝቅ እያደረገ እንደ ግንድ ቆሟል! ሰው እየተነሣ ባየኝ ቁጥር ፊቴ ይግላል። እማሆይ ጥሩ በኀዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ከቅድስና መውረድ ከዋርካ ላይ ከመውደቅ ይከፋል፤ ከዋርካ የወደቀን ሰው ቢያንስ ያነሡታል።

ሲመሽ ሥርዓቱ ወደ ጥብጠባው ደረሰ። ለማያውቅ ልንገር፤ በስቅለት ፍጻሜ ካህናት የወይራ ቅጠል ይዘው ይቆማሉ፤ ምእመኑ እየቀረበ ጀርባውን ቸብ ቸብ ይደረጋል፤ የሚሰግደው ስግደትም ይታዘዝለታል። ሰልፉ ደረሰኝ። ቄስ አድማሱ ወይራውን አንሥተው «ይስማው፣ ስንት ልዘዝህ?» አሉኝ።

«አባ፣ መስገድ ተከልክያለሁ።»

ከኋላዬ ጉምጉምታ ተነሣ። ቀጥሎ የአንለይ ድምፅ፣ ለሰው ሁሉ እንዲሰማ ሆኖ፤

«ስግደት ያልቻለ ሰው እርፍ ይችላል? ንገሩት እንጂ አባ! እነዚያ ሽማግሌዎችም እዚሁ ናቸው።»

ሽማግሌዎቹ እዚያው ነበሩ። ሁለቱም አቀረቀሩ። የሻረግንም አየኋት፤ ሽማግሌዎቹ በፈረዱብኝ ቀን እንዳየችኝ ታየኛለች። አሁን ካልተናገርሁ ማሳው ሄዷል። ትንሣኤ ሳይደርስ ሄዷል።

«አባ፣ የተፈቀደልኝን ላሳይዎት?»

«አሳየኝ።»

ጋቢዬን አነጠፍሁ። ያንን ሁሉ ሕዝብ ፊት ለፊት እያየሁ በሆዴ ተኛሁ፤ ግንባሬን መሬት አስነካሁ፤ እጄን ተክዬ ደረቴን ገፋሁ። ቀና ስል ያየሁት የአንለይን የተከፈተ አፍ ነው። ተኛሁ፤ ገፋሁ። አንዱ ጎረምሳ ፈርጦ ሳቀ። ሌሎችም ተከተሉት። እማሆይ ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ ግን ተኛሁ፤ ገፋሁ። ሰው አስቄ እኖራለሁ፤ ሲስቁብኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ይሳቁ! ሳቁ ሲደክማቸው እኔ ገና አልደከመኝም ነበር።

ቄስ አድማሱ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ግንባርህ መሬት ነክቷል?»

«ነክቷል አባ።»

«ተነሥቷል?»

«ተነሥቷል።»

«አሞሃል?»

«አባ፣ ይህንንማ ተዉት።»

«እንግዲያው ስግደት ሌላ ምንድን ነው?» አሉና ቀና ብለው ሕዝቡን አዩ። ወይራውን ትከሻዬ ላይ፣ ከወገቤ እጅግ ርቀው፣ ቸብ አደረጉኝ። «ያቺ ልጅ ያዘዘችህን ጠዋትና ማታ ታደርሳለህ። እስከ ጰራቅሊጦስ።»

ዝም ብዬ ብቀበል ምን ነበረበት? ምላሴ ግን መቼ ዝም ብሎ ያውቃል! «አባ፣ ከትንሣኤ በኋላ በበዓለ ሃምሳ ስግደት የለም እኮ።»

ቄስ አድማሱ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። «ዛሬ ስግደት ነው» አሉ። «ከእሑድ ጀምሮ ስፖርት ነው። ቀጥል።»

ተነሣሁ። ማንም አላነሣኝም፤ ከጉልበቴ ታጥፌ፣ እንደተማርሁት፣ ራሴን አነሣሁ። ዞሬም ሽማግሌዎቹ ፊት ለአንለይ ነገርሁት፤ «ማሳዬን አልሰጥም። ትንሣኤን ቆሜ እበላለሁ፤ ሰኔ ላይ እርፌን እጨብጣለሁ። ካልጨበጥሁ ማሳውን ብቻ አይደለም፣ በሬዎቹንም ጨምረህ ውሰድ።»

«አያ፣ ሰው ይመስክር?»

«አገር አለ አይደል!»

አንባቢዎቼ፣ እስኪ ልብ በሉ፤ ወገቡ በቅጡ ያልተነሣ ሰው በሬዎቹን አስይዞ ተወራረደ። የሻረግ እስከ ቤታችን ድረስ አላናገረችኝም። ቤት ስንደርስ ግን የመኝታ ቆዳችንን፣ ጀንዲውን፣ አውጥታ መደቡ አጠገብ አነጠፈችና «ተኛ። ግፋ» አለችኝ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከሰላም ይልቅ የምፈራው እሷን ሆነ።

አትሳሳቱ፤ ተአምር አልሆነም። በየሳምንቱ ማርቆስ ተመላለስሁ። ተሽሎኝ ሳለ አንድ ጊዜ በድፍረት እንጨት ተሸክሜ እሳቱ ወደ ባቴ ተመልሶ ወረደ፤ ሰላም እንደ ልጅ ተቆጣችኝ፤ ከመጀመሪያው ጀመርን። የመጀመሪያውን ከባድ እርሻ ጎረቤቶቼ በወንፈል አረሱልኝ፤ እኔ በምላሹ በረታቸውን በሚስማርና በመዶሻ፣ ቆሜ፣ ጠገንሁላቸው። ዛሬም ቢሆን ብርድ ሲሆን ነርቩ ሰላምታ ይልክልኛል። እኔም እሱን መርቄ ጀንዲዬ ላይ እተኛለሁ።

እናንተም ወገባችሁን ይዛችሁ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ «ይስማው እንዲህ አድርጎ ዳነ» ብላችሁ ነገ ጠዋት መሬት ላይ እንዳትጋደሙ። የኔ ወገብ የወደደውን የእናንተ ላይወደው ይችላል፤ ሂዱና የሚያውቅ ይያችሁ። የኔ ጥፋት «እንቅስቃሴ» የሚለውን ቃል ሰምቼ የጤና ጣቢያውን ሰውዬ አለመስማቴ ነው። ከዚያ የቀረውን ግን ከኔ ውሰዱ። ሰው ሲያማችሁ አብሯችሁ ያዝናል፤ እያዘነም የቀረ ዕድሜያችሁን ያከፋፍለዋል፤ ይሄን ማሳ ለእገሌ፣ ያን በሬ ለእገሌ። በፍቅር ነው የሚያደርገው፤ ቃሬዛችሁን ተሸክሞ ነው የሚያደርገው። እሺ አትበሉ። ከቃሬዛው ላይ ሆናችሁም ቢሆን እምቢ በሉ። ከዚያ ወርዳችሁ ሥሩ፤ እምቢታ ብቻውን ነርቭ አያላቅቅም።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ አፈሩን አራሰው። የዋርካው ሥር ማሳ ላይ በሬዎቼን ጠምጄ እርፌን ጨበጥሁ። ጥቂት ትልም እንዳወጣሁ፣ ሰላም እንዳዘዘችኝ፣ ወገቤ ሳይጠይቀኝ በፊት አረፍሁ። ባዶ ማዳበሪያ ከረጢት ትልሙ ላይ አንጥፌ፣ በሬዎቹን አቁሜ፣ በሆዴ ተኛሁ፤ ግንባሬን አፈሩ ላይ አሳረፍሁ።

ከላይ ከመንገዱ ጩኸት ሰማሁ።

«ኡ ኡ! አያ ይስማው ወደቀ! አላልሁም? አላልሁም ነበር?»

አንለይ ነው። ማሳውን አቋርጦ ሲሮጥ እግሩ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ፣ ሲነቀል ይሰማኛል። አልተንቀሳቀስሁም። አጠገቤ ደረሰና እያለከለከ ተንበረከከ። «አያ! አያዋ!» ድምፁ ተሰብሯል፤ እውነቱን ነው። እጁን ጀርባዬ ላይ ሊያሳርፍ ሲል እጄን ተክዬ ደረቴን ወደ ላይ ገፋሁ።

«እንደምን ዋልህ አንለይ?»

ወደ ኋላው ጭቃው ላይ ዘጭ አለ።

«ሞትህ መስሎኝ እኮ ነው!»

«ደነገጥህ ወይስ ደስ አለህ?»

አሰበበት። ክፉ ሰው አይደለም ብያችኋለሁ። «ሁለቱንም» አለ።

ከጉልበቴ ታጥፌ ተነሣሁ፤ እሱ ግን በጭቃው ተይዞ መነሣት ስላቃተው እጄን ዘርግቼ ሳብሁት፤ ወገቤን ቀጥ አድርጌ፣ እንደተማርሁት። ከዚያም «በል እርፉን አቀብለኝ» አልሁት።

አቀበለኝ። ዋርካው ሥር ቆሞ፣ እኔ የመጨረሻውን ትልም እስከ ዳር እስካወጣ ድረስ፣ አየኝ።